ሩጫው ስትራቫ ላይ ነው፤ ብረቱን የት እንመዝግበው?

ታላቁ ሩጫ በቀረበ ቁጥር ስልኬ ይጨናነቃል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «ሩጫዬን ስትራቫ የሚባለው አፕ ላይ እመዘግባለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ ብረት ሥራ ተባልኩ። እሱን የት ልጻፈው?» ለአራተኛው ሰው በድምፅ መልእክት ማስረዳት ስጀምር ደከመኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው። ሄቪ የሚባለውን የብረት መመዝገቢያ አፕ አውርዱ፣ ነጻውን ተጠቀሙ፣ ከስትራቫ ጋር አገናኙት፣ ለስድስት ወር ሰባራ ሳንቲም አትክፈሉ። ለብረት ብላችሁ ሰዓት አትግዙ። ቴሌግራም ላይ «ፕሮው (የሚከፈልበቱ) ተከፍቷል» እየተባለ የሚዞረውን አትንኩ። ሁለቱን «አትንኩ» የተማርኩት በገዛ ገንዘቤ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያስቸግር። የሩጫ አፕ ርቀትና ሰዓት ይወዳል። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ስትመላለሱ ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይሠራል። ብረት ላይ ግን አንድ ቦታ ቆማችኋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የብረት ቀኖቼ ከእጅ ሰዓቴ ወደ ስትራቫ ተሻግረው የተቀመጡት «48 ደቂቃ፣ አማካይ የልብ ምት 112» እየተባለ ነው። 40 ኪሎ ይሁን 80 ኪሎ ያነሳሁት አይታወቅም። በወሩ መጨረሻ ሳየው ጂም ቁጭ ብዬ ያወራሁበትም ቀን እንደዚያው ነው የሚመስለው።

ባር (ክብደት የሚጫንበት ረጅሙ ብረት) ስር ሆናችሁ የምትፈልጉት መረጃ አንድ ነው። ባለፈው ሳምንት ስንት ኪሎ፣ ስንት ጊዜ? ሄቪም፣ ተፎካካሪው ስትሮንግም ይህንን ከእያንዳንዱ ዙር ጎን ያሳያሉ። (ዙር የምለው ሳታርፉ ተከታትላችሁ የምትሠሩትን ነው፤ ቃሉንም አውቄ ነው የመረጥኩት። ጂም ውስጥ የምንለውን «set» በፊደል ብጽፈው «ዛሬ አሥራ ሁለት ሴት ሠራሁ» ይሆንና ቤት አያስገባኝም።) 60 ኪሎ በ8 ሠርታችሁ ከነበረ ያ ቁጥር ደብዘዝ ብሎ ይጠብቃችኋል። ዛሬ 9 ከሆነ ትጽፋላችሁ፣ ምልክት ትጫናላችሁ፣ የእረፍቱ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

እሺ፣ ከሁለቱ የቱ? ዋጋውን እንይ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ስትሮንግ ስመለከተው በወር 4.99፣ በዓመት 29.99፣ ለዕድሜ ልክ 99.99 ዶላር ነበር። ሄቪ በወር 2.99፣ በዓመት 23.99፣ ለዕድሜ ልክ 74.99። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው የስትሮንግ ዓመት 4,500 ብር፣ የሄቪ 3,600 ብር ነው። ዕድሜ ልኩ 15,000 እና 11,250። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር። ያኔ የሄቪ ዓመት 1,370 ብር አካባቢ ይመጣ ነበር። አፑ ዋጋ ሳይጨምር እኛ ላይ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የስትራቫ ክፍያ ደግሞ ለብቻው ነው፤ አሜሪካ ባለው ዋጋ በዓመት 79.99፣ ማለትም 12,000 ብር። ሁለቱን ደርባችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ጂሙን በእግራችሁ ሄዳችሁ ለማካካስ ተዘጋጁ።

በወር መክፈል ሞኝነት ነው። ስትሮንግን በወር በወር ብትከፍሉ ዓመቱ 60 ዶላር ይሞላል፣ ከዓመታዊው እጥፍ። ዕድሜ ልኩም በሁለቱም ላይ የሚያዋጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሳታቋርጡ ብረት የሠራችሁ እጃችሁን አውጡ።

ነጻው ላይ ደግሞ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ለእኔ እዚያ ላይ ነው ያለቀው። ሁለቱም ያልተገደበ ልምምድ ያስመዘግባሉ። የሚገድቡት የምታስቀምጡትን ፕሮግራም ነው፤ ስትሮንግ ሦስት፣ ሄቪ አራት። ሯጭ በሳምንት ሁለት ቀን ነው ብረት የሚሠራው። አንድ የከባድ ቀን፣ አንድ የቀላል ቀን፣ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ብረት የሚሠራ፤ ሦስቱ አለቁ። አራተኛው ለሁዳዴ ነው። 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በሌለበት የበፊቱን ፕሮግራም ልጎትት ብል ሦስተኛው ሳምንት ላይ እሰበራለሁ። ስለዚህ ዙሩን የቀነስኩበት፣ «ጾም» የሚል ፕሮግራም አለኝ። ሜኑው እንግሊዝኛ ቢሆንም ስሙን በአማርኛ ስጽፍ ችግር የለውም።

ስትሮንግን ላለማማት፣ ንጹሕ አፕ ነው። ገጹ ሰላማዊ ነው፣ የሰው ወሬ የለበትም። ሄቪ ጓደኛ ያስከትላል፣ ላይክ አለው፣ አንዳንዴ የፌስቡክ ታናሽ ወንድም ይመስላል። ያ የማይመቻችሁ ከሆነ አካውንቱን ሌላ ሰው እንዳያየው አድርጉትና ተገላገሉ። ስትሮንግ ላይ የጀመረ ሰው ሐሳቡን ቢቀይርም መዝገቡን በፋይል አውጥቶ ሄቪ ላይ መጫን ይችላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዓመት ተኩሉን አሻግሯል።

አሁን ወደ ቁስሌ። ስሙን የማልጠራው አንድ የጂም አፕ ነበር። ዓመታዊው ውድ ሆነብኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ እንድትከፍልልኝ መጠየቅ ደግሞ አሳፈረኝ። አንድ የቴሌግራም ልጅ «ሙሉ ፕሮ፣ ዕድሜ ልክ፣ 500 ብር» አለ። በቴሌብር ላክሁለት። የላከልኝ ክፍያ እንዳይጠይቅ ተሰብሮ የተሠራ የአፕ ፋይል ነው፤ ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን። አምስት ወር ሠራ። አንድ ማክሰኞ ማታ ስከፍተው «ግባ» አለኝ፣ የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለ። አጥፍቼ ስጭነው ባዶ። አምስት ወር ሙሉ የጻፍኩት ስልኩ ላይ ብቻ ነበር፣ ወደ ሰርቨር የሄደ ነገር የለም። ልጁን ስጽፍለት አንድ ምልክት ብቻ ሆኖ ቀረ። በ500 ብር የዴድሊፍት ታሪኬን ሸጥኩት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ መዝገቤን በፋይል አውጥቼ ለራሴ ኢሜይል እልካለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሰዓቱስ? «ጋርሚን ካለኝ ሁሉንም እሱ አይሠራልኝም?» ይላሉ። ካላችሁ ተጠቀሙበት። አፑ ላይ ፕሮግራም ሠርታችሁ ወደ ሰዓቱ መላክ ትችላላችሁ፣ ለዚያ የሚከፈል ነገር የለም። ድግግሞሹን ራሱ ይቆጥራል፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነም ይገምታል። ግን የሚቆጥረው እጅን ነው። ዳምቤል ላይ ደህና ነው። ሌግ ፕሬስ (በእግር የሚገፋው ማሽን) ላይ እጃችሁ መያዣውን ጨብጦ ተቀምጧል። የባት ልምምድ ላይ ግድግዳ ተደግፏል። ሯጭ የሚያስፈልገው ደግሞ በዋናነት እነዚያ ናቸው። ኪሎውን ሰዓቱ አያውቀውም፤ በላብ ጣት አንድ በአንድ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። የጋርሚን የሩጫ ሰዓት የሆነው ፎርራነር 165 በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ 249.99 ዶላር ነበር፤ በዚያው ሒሳብ 37,500 ብር፣ የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። ለሩጫ ከሆነ አልከራከርም። ለብረት ብላችሁ ከሆነ ግን የሄቪን ዓመታዊ አሥር ጊዜ መክፈያ ነው።

የሰዓቱን ቅጂ (ፎርጅዱን) የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ልናዘዝ። መርካቶ፣ 2,800 ብር፣ ሣጥኑ ከዋናው አይለይም። «የጂም ሞድ አለው» ተባልኩ። ሞዱ አለው፤ ዳምቤል የሚያነሳ ሰውዬ ሥዕል ይወጣል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ አለቀ። ልብ ምቱን ስጠራጠር ማታ ፈትቼ የውኃ ላስቲክ ላይ አሰርኩት። 78 አለኝ። ትንሽ ቆይቶ 81። ላስቲኩ ሞቅ እያለው ነበር መሰለኝ። በአራተኛው ወር ቻርጅ እምቢ አለ። ጠጋኙ በጥፍሩ ጠርዙን ነካ ነካ አድርጎ መለሰልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ብሎን የለውም፣ ሙጫ ነው። ከከፈትኩት አይዘጋም።» መሳቢያ ውስጥ አለ።

ደብተር የሚሻላችሁም አላችሁ። ስልክ ይዞ ጂም መግባት ወሬ ለሚያስጀምረው ሰው የ60 ብር ደብተር ከሁሉም ይበልጣል። አሰልጣኝ ያለው ሰው ደግሞ ጎግል ሺት ይጠቀም፤ አሰልጣኙ ከቤቱ ሆኖ ይሞላለታል። እዚያ ላይ አንድ ቀመር አስገቡ፦ ድግግሞሹን ለ30 አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ በኪሎው አባዙ። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የምትችሉትን ይገምታል፤ ኤፕሊ የሚባለው ነው። 60 ኪሎ በ8 ማለት 76 ኪሎ አካባቢ ነው። 65 በ5 ም እዚያው 76 ገደማ ነው። ኪሎ ጨምሬያለሁ ብሎ ለሚደሰት ጓደኛ ይህን ማሳየት ትንሽ ክፋት አለው፣ እኔ ግን አደርገዋለሁ። ሄቪና ስትሮንግ ይህን ዓይነቱን ግምት ራሳቸው ያወጡታል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዕቅዱን አፑ አይሠራላችሁም። እኔ የምጠቀመው ቀላሉን ነው። ሦስት ዙር፣ ከ8 እስከ 12። ሦስቱም ዙር 12 ሲሞላ ኪሎ እጨምርና ወደ 8 እመለሳለሁ። እዚህ ጋ የሰፈር ጂም ችግር ይመጣል። ባሩ ጫፍ ላይ የምትገባው ትንሿ ሰሌዳ (ክብ ክብደት) 2.5 ኪሎ ከሆነች በሁለቱም በኩል ሲገባ ጭማሪው 5 ኪሎ ነው። ለስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ይቻላል፣ ለትከሻ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ለዓመታዊው ልትከፍሉት ያሰባችሁትን ብር ይዛችሁ ጥንድ የ1.25 ሰሌዳ ፈልጉ። ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ባሩንም መዝኑት። አፖቹ ባር ሲባል 20 ኪሎ አድርገው ነው የሚጀምሩት። የእኛ ሰፈር ጂም ባር በያጅ ቤት የተሠራ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጎረቤት ሱቅ የሽንኩርት ሚዛን ተውሰን ሰቀልነው። 13 ኪሎ ተኩል። ከኋላዬ የነበረው ልጅ «በቃ፣ መቶ ኪሎ ስኳቴ ሄደች» አለና ስልኩን አውጥቶ ማስተካከል ጀመረ።