የቁልቁለት ብስክሌትን የሚያቀልሉ መለዋወጫዎች፦ የትኛው ዋጋውን ያወጣል?

ለቁልቁለት ውድድር የሚሠራ የተራራ ብስክሌት ከፊትም ከኋላም 200 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚታመቅ ሾክ አብዞርበር፣ ወፍራም ጎማና ሰፋፊ የፍሬን ዲስክ የሚገጠምለት በመሆኑ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ክብደት ይቀንሳሉ ተብለው የሚሸጡት መለዋወጫዎች ሁሉ በማሸጊያቸው ላይ የግራም ቁጥር ተጽፎባቸው ይመጣሉ፤ ቁጥሩ ግን ግራሙ የሚነሳው ከየትኛው የብስክሌቱ ክፍል እንደሆነም ሆነ ዕቃው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚደርስበት አይናገርም። እዚህ የምገመግማቸው ከ17 ኪሎ ግራም ጥቂት በሚያልፍ፣ ቴላዮው የአሉሚኒየም፣ የኋላ ሞላው የብረት፣ ጎማዎቹም ባለ ካላመዳሪ በሆነ ብስክሌት ላይ አንድ በአንድ እየቀየርኩ የነዳሁባቸውን ዕቃዎች ነው።

በመጀመሪያ መመዘኛዬን ግልጽ ላድርግ። ሽቅብ ለሚነዳ ሰው እያንዳንዱ ግራም በራሱ ጉልበት የሚወጣ ሸክም ነው፤ ቁልቁል የሚነዳው ግን ወደ ላይ የሚወጣው በመኪና ወይም በኬብል ስለሆነ ሒሳቡ ይለያል። ነጂውና ብስክሌቱ አንድ ላይ 95 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከብስክሌቱ ላይ የተነሳ 1 ኪሎ ከጠቅላላው መቶኛው እጅ ገደማ ነው፤ የስበት ኃይልም ቢሆን የቀለለውን ከከበደው አስበልጦ አያፈጥነውም። በ2015 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ሌኦጋንግ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ውድድር አሜሪካዊው አሮን ግዊን ገና ሲነሳ ሰንሰለቱ ተበጥሶበት፣ ከዚያ በኋላ በፔዳል ኃይል ሳይጠቀም አንደኛ መውጣቱ እዚህ ስፖርት ውስጥ ፍጥነት ከየት እንደሚመጣ ያሳያል። እንዲያውም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንዳንድ የውድድር ቡድን መካኒኮች ብስክሌቱ ይበልጥ እንዲረጋ ሲሉ ፔዳሉ በሚያያዝበት አካባቢ ሆን ብለው ተጨማሪ ክብደት ሲያስሩ ታይተዋል። ስለዚህ የጠቅላላው ክብደት ማነስ ብቻውን ግብ ሊሆን አይችልም። ልዩነት የሚያመጣው ከሚሽከረከረው ክፍል ላይ የተነሳ ክብደት ነው፤ ቀጥሎም ከሞላው በታች ካለውና ከመሬቱ ጋር አብሮ ከሚዘለው ክፍል ላይ የተነሳው።

ከዚህ አንጻር ቀዳሚው ቦታ የጎማ ነው። በጎማው ዙሪያ ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት ከመሄዱ በተጨማሪ ስለሚሽከረከር፣ ብስክሌቱ ከኩርባ ወጥቶ እንደገና ፍጥነት ሲይዝ አንዱ ግራም እንደ ሁለት ግራም ገደማ ይቆጠራል። ለቁልቁለት የሚሠራ ወፍራም ካላመዳሪ አንዱ ብቻ እስከ 400 ግራም ይመዝናል። እርሱን አውጥቶ ቸርኬውን በቴፕ በማሸግ፣ ቫልቭ በመግጠምና 120 ሚሊ ሊትር ያህል ማሸጊያ ፈሳሽ በመጨመር ጎማውን ቱብለስ (ያለ ካላመዳሪ የሚሠራ) ማድረግ ከሁለቱ ጎማዎች ላይ ግማሽ ኪሎ ገደማ ያስቀንሳል። ከክብደቱም በላይ የወደድኩት፣ ካላመዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጦ የሚፈነዳበት ችግር ከነአካቴው መጥፋቱን ነው፤ በዚህም ምክንያት የአየሩን ግፊት ዝቅ አድርጎ መንዳትና ጎማው መሬቱን ይበልጥ ቆንጥጦ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ቸርኬው ለቱብለስ የተሠራ መሆን አለበት፤ የጎማው ጠርዝ ቦታውን እስኪይዝ በተራ የእጅ ፓምፕ መንፋት ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ ፈሳሹም በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደርቅ እየታየ መጨመር ይኖርበታል። ይህም ሆኖ ከሞከርኳቸው ለውጦች ሁሉ በትንሹ ወጪ ትልቁን ጥቅም የሰጠኝ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና የጎማውን ሽፋን ራሱን ማሳነስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለምሳሌ ማክሲስ የተባለው ጎማ ሠሪ አሰጋይ የሚለውን ጎማውን በተለያየ ውፍረት ያቀርባል፦ ዲኤች የሚባለው ሁለት ድርብ ወፍራም የጨርቅ ሽፋን አለው፤ ደብልዳውን የሚባለውም እንዲሁ ድርብ ሲሆን ክሩ የቀጠነ ነው፤ ኤክሶ ፕላስ ደግሞ ነጠላ ሆኖ ማጠናከሪያ የተጨመረበት ነው። በወፍራሙና በነጠላው መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ጎማ 200 ግራም አካባቢ በመሆኑ፣ ሚዛን ላይ ሲታይ እጅግ ያጓጓል። ነጠላውን ከኋላ ገጥሜ ስነዳ ብስክሌቱ ከጎን ወደ ጎን ሲገለባበጥ በግልጽ ፈጠነ፤ ነገር ግን ድንጋያማ ቦታ ላይ ቸርኬው መሬት ሲመታ ይሰማኝ ስለነበር ግፊቱን መጨመር ግድ ሆነብኝ፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ጎማው እንደ ኳስ መንጠር ጀመረና ፍሬን ስይዝ ይሸሸኝ ገባ። ጎማውን ለመታደግ የአረፋ መከላከያ ከውስጡ እናስገባ ቢባል አንዱ ለብቻው ከ200 ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ በቀጭን ጎማ የተገኘው ትርፍ ተመልሶ ይሄዳል። የእኔ ብይን ከኋላ ወፍራሙ ይቆይ፣ ከፊት ግን ድርብ ሆኖ ክሩ የቀጠነው ይበቃል የሚል ነው፤ ከዚህ የሚገኘው ትርፍ 100 ግራም ያህል ቢሆንም ያለ ሥጋት የሚገኝ ነው።

የካርቦን ቸርኬን በተመለከተ ከብዙዎች የተለየ አስተያየት አለኝ። ለቁልቁለት እንዲበቃ ሆኖ የተሠራ የካርቦን ቸርኬ፣ ለተመሳሳይ ሥራ ከሚመረጠው የዲቲ ስዊስ ኢኤክስ 511 ዓይነት የአሉሚኒየም ቸርኬ ጋር ሲነጻጸር የክብደት ብልጫው ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ጨርሶ ብልጫ የለውም፤ ምክንያቱም ሠሪው ጥንካሬውን ለማግኘት ካርቦኑን ደራርቦ ለማወፈር ይገደዳል። አሉሚኒየሙ ሲመታ ይጎደጉዳል፣ በፒንሳም ቀና ተደርጎ ቀኑን ይጨርሳል። ካርቦኑ ግን ወይ ምንም አይሆንም፣ ወይ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ የዚያን ቀን መንገዱ አበቃ። ተጋጥሞ የመጣ ጥሩ የካርቦን ቸርኬ ያለው ሰው ይንዳበት፤ ክብደት ለመቀነስ ብሎ የሚገዛ ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው ይሻላል።

የኋላው የቲታኒየም ሞላ ከዚህ ሁሉ የተለየ ዕቃ ነው። የቲታኒየም እፍግታ በኩቢክ ሴንቲ ሜትር 4.5 ግራም፣ የብረት ደግሞ 7.8 ገደማ ሲሆን፣ ቲታኒየም ለመጠምዘዝ ያለው መቋቋም ከብረት ግማሽ ገደማ ብቻ በመሆኑ ያንኑ ጥንካሬ ያለው ሞላ በጥቂት ጥቅል መሥራት ይቻላል። ሁለቱ ተደምረው ሞላውን በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ያቀልሉታል፤ በእኔ ብስክሌት ላይ ይህ ወደ 180 ግራም ሆነ። አይዝግም፣ ከብረቱ ጋር ሲነጻጸርም የአሠራሩ ልስላሴ አይቀንስም። ሆኖም ውድ ነው፤ ከልዩ ብረት የሚሠሩ ቀላል ሞላዎች ከመጡ ወዲህም ብልጫው ጠቧል፤ እነዚህ ገበያ ላይ እያሉ ቲታኒየሙን ለጓደኛዬ ግዛ ለማለት እቸገራለሁ። ሞላውን በአየር ሾክ አብዞርበር መተካት ከዚህም የበለጠ፣ ከ300 እስከ 500 ግራም ያስቀንሳል፤ ጥንካሬውንም በፓምፕ ብቻ ማስተካከል ይቻላል። ግን ጎማዊ ማሸጊያዎቹ የሚፈጥሩት ሰበቃ ትንንሽ ጉብታዎች ላይ ይሰማል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይም አየሩ ሲሞቅ ግፊቱ ከፍ ይላል። ክብደታቸው እንደ ጭነታቸው ለሚለዋወጥ ወይም ዝላይ ለሚያዘወትሩ እመክረዋለሁ፤ ሥርና ድንጋይ ለበዛበት መንገድ ግን ሞላው ይበልጥብኛል።

ያልጠበቅኩት ጥቅም የተገኘው ካሴት ከሚባለው የኋላ ማርሽ ጥርሶች ስብስብ ነው። ባለ 12 ማርሽ ሰፊ ካሴት ከ400 ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ስራም የተባለው ኩባንያ ለቁልቁለት ብሎ የሠራው ባለ 7 ማርሽ፣ ከ10 እስከ 24 ጥርስ ያለው ኤክስጂ 795 ግን 136 ግራም ብቻ ነው። ይህ ክብደት ያለው በኋላው ሞዞ ላይ፣ ማለትም ከሞላው በታች በመሆኑ፣ ሲነሳ የኋላው ጎማ ጉድጓዱንና ጉብታውን ተከትሎ ለመውረድና ለመውጣት ይቀለዋል። ሰንሰለቱም ያጥራል። ለውጡ ከኋላ ሰንሰለቱን የሚያሻግረውን ዕቃና መሪው ላይ ያለውን የማርሽ መለወጫ አብሮ መቀየርን ይጠይቃል፤ በዚሁ ብስክሌት ሽቅብ ፔዳል የሚመታ ሰው ደግሞ ሊያስበውም አይገባም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። 800 ሚሊ ሜትር የሆነ የካርቦን መሪ ከአሉሚኒየሙ 100 ግራም ያህል ይቀላል፣ የእጅን ንዝረትም ይቀንሳል፤ ብሎኖቹ ግን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ብቻ መጥበቅ አለባቸው፤ ከከባድ ውድቀት በኋላም ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ስለሚችል መቀየሩ ይመረጣል። የቲታኒየም ብሎኖች ለዓይን ያምራሉ፣ ሁሉም ተደምረው የሚቀንሱት ግን ጫማ ላይ ከሚጣበቅ ጭቃ አይበልጥም። ፔዳል ከቲታኒየም ዘንግ ጋር የሚገዛ ሰው ሠሪው ያስቀመጠውን የነጂ ክብደት ገደብ አስቀድሞ ያንብብ።

ፍሬን ግን ክብደት ለመቀነስ ተብሎ አይነካ። የ200 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ በ180 መተካት ጥቂት አሥር ግራሞችን ቢያስቀንስም፣ የማቆም ኃይሉን በአሥር በመቶ ያሳንሳል፣ ሙቀቱን የሚያስወጣበትንም ስፋት ይቀንሳል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈተነው ይኸው ነው።

በመጨረሻ ብስክሌቱ ከ16 ኪሎ ግራም ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የተነሳው ከጎማዎቹና ከኋላው ሞዞ ነው። ይህ ሁሉ ሲለወጥ የሾክ አብዞርበሮቹ ማስተካከያ ባለበት መቆየት የለበትም፤ የቀለለው ጎማ ሞላው ሲገፋው ፈጥኖ ስለሚመለስ፣ መጀመሪያ ነጂው ሲቀመጥበት የኋላው ምን ያህል እንደሚታመቅ መለካት፣ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያም የመመለሻ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ቁልፍ በሚያውቁት አንድ መንገድ ላይ በአንድ በአንድ እርከን እያዞሩ መሞከር ያስፈልጋል።