ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ጭቃ ቤት ይሻላል ብሎኬት?

ደሴ ላይ ቤት ስትፈልጉ ደላላው ሁለቱንም ዓይነት ያሳያችኋል። አንዱ በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ሌላው ብሎኬት። ጭቃ ቤቱ በዋጋ ይረክሳል። ብዙ ሰው ግን ገብቶ እንኳ ሳያየው ያልፈዋል። ይሄ ልክ አይመስለኝም።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ ቦክቶ ወፍራም የተመረገ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ያልተለሰነ ብሎኬት ግን ሌሊቱን ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ ከሌለ ሁለቱም ያው ናቸው፤ ሙቀቱ በቆርቆሮው ይወጣል።

ሌላው መሬቱ ነው። ደሴ ተዳፋት ናት፤ መንሸራተትም አለ። አካባቢው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥም አይቀርም፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴን የመታው ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ማገሩ ጠበቅ ተደርጎ የተመታ የእንጨት ቤት ይወዛወዛል እንጂ በአንዴ አይናድም። ኮለንና ቢም (የአርማታ ቋሚና አግዳሚ) የሌለው ብሎኬት ያስፈራኛል። እሱን ከመግዛት ጥሩ ጭቃ ቤት እመርጣለሁ።

የእንጨት ቤት ችግሩ እግሩ ላይ ነው። ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ ከተተከለ ይበሰብሳል፤ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ ግን ብዙ ዘመን ይኖራል። ልታዩ ስትሄዱ ካቻቢቴ ያዙ። በጓሮ በኩል፣ የጣራው ክፈፍ አጭር የሆነበትን ግድግዳ ፈልጉና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የቋሚውን እግር ወጋ አድርጉት። ጫፉ ዝም ብሎ ከገባ እንጨቱ አልቋል። ግድግዳው ላይ ሽቅብ የሚወጣ ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ የምስጥ መንገድ ነው። በሩ ወለሉን እየፋቀ የሚከፈት ከሆነ ቤቱ አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ከታች በኩል ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ያጠራጥራል።

ኮምቦልቻ ላይ ሐሳቤ ይለያል። ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ሞቃት ናት፤ ምስጡም ይበረታል። እዚያ አቅም ካላችሁ ብሎኬት ግዙ።

ሻወርና ሽንት ቤት ውስጥ ማስገባት ለሚፈልግ ወይም ወደፊት ፎቅ ለሚያስብም ብሎኬት ነው የሚያዋጣው። ጭቃ የቧንቧ እርጥበት አይችልም፤ ምርጊቱም ክረምት በወጣ ቁጥር መነካካት ይፈልጋል። በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ባንኩ ጭቃ ቤት በመያዣነት ይቀበል እንደሆነ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ካርታውንም ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ።

ከተቻለ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ ሄዳችሁ እዩት። የተበላሹት የአንድ ጎን ቋሚዎች ብቻ ከሆኑ ተስፋ አትቁረጡ፤ በአናጢ ይቀየራሉ። ወጪውን አስገምቱና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።