ኧርሊ ዲሲዥን ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወላጆች፣ በተለይ ልጃችሁ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የሆነ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ኧርሊ ዲሲዥን ማለት «ከተቀበላችሁኝ እናንተው ጋ እገባለሁ» ብሎ ፈርሞ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ማመልከት ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሰውዬውን ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ ቆሞ ወረቀት የሚሰጠው፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆችን ፎቶ በስልኩ የሚያሳየው፣ «ዓላማዬ የሐበሻ ልጆችን ማስገባት ነው» የሚለው የኮሌጅ አማካሪ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮው ድረስ ሄጄ 3,500 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት። የሌሊት ፈረቃ ገንዘብ ነው።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ጠራንና «ኧርሊ ዲሲዥን ካስገባች ዕድሏ ይሰፋል፣ እርዳታው ይመጣል» ብሎ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አስመረጠን። ልጄ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም የኧርሊ አክሽን፣ ማለትም ሌላ ዓይነት ቀድሞ የሚገባ፣ ማመልከቻዋን ጨርሳ ነበር፤ የቀራት ሰብሚት የሚለውን መጫን ብቻ ነው። «ይሄንንም ልላከው?» ብላ ላፕቶፑን ወደሱ ስታዞር እጁን ሰደደና ከደነባት። «አንዱ ጋ ፈርመሽ ሌላ ጋ ብትልኪ ውል አፍርሳለች ብለው ሁለቱም ይሰርዙሻል።» ልጄ ዞር ብላ እኔን አየች። እኔ እናቷ ምን አልኳት? «እሱ ያውቃል፣ እሺ በይው።» ይቺ ቃሌ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ከዚያ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ ስሜን ጻፍኩ። አንዲት መስመር አላነበብኩም።

ባለፈው ሳምንት መልስ መጣ፣ ገብታለች፤ እልል አልን። የእርዳታውን ደብዳቤ ስንከፍት ግን የእኛ ድርሻ በዓመት ከ40,000 ዶላር በላይ ነው፣ አብዛኛው በወላጅ ስም የሚወጣ ብድር።

በማግስቱ ከሥራ ሳልተኛ ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊዋ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ «ቀጠሮ አለሽ?» ብላ አርባ ደቂቃ በር ላይ አቆመችኝ። እሱ ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እትዬ፣ የእኔ ሥራ ማስገባት ነው፣ አስገብቻለሁ። ከውሉ መውጣት ከፈለጉ ደብዳቤውን በ800 ዶላር እጽፍልዎታለሁ» አለኝ።

800 ዶላር! የትምህርት ቤቷ ካውንስለር በነፃ ነገረችን። የተሰጠው እርዳታ ካላስቻለ ተማሪው ቦታውን ትቶ ከውሉ ነፃ መውጣት እንደሚችል እኔው የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ በጣቷ እያሳየች አነበበችልኝ። የሜሪላንዱንም ማንም አይከለክላትም ነበር። ኧርሊ አክሽን አያስርም፤ ኧርሊ ዲሲዥን ላይ ተቀባይነት ካገኘሽ ሌላ ጋ ያስገባሽውን ማመልከቻ ትሰርዣለሽ፣ በቃ። አሁን ግን ለስኮላርሺፕ ቅድሚያ የሚያስገኘው ኖቬምበር 1 አልፏል። የቀረን የጃንዋሪው መደበኛ ዙር ነው።

የልጃችሁን ካውንስለር አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የቤተሰባችሁን ገቢ አስገብታችሁ ስንት እንደምትከፍሉ የሚገምት ማስያ አለ፤ ሳትፈርሙ ሞክሩት። የሁለት ሦስት ትምህርት ቤት እርዳታ ሳታወዳድሩ መወሰን የማትችሉ ከሆነ ኧርሊ ዲሲዥን ይቅርባችሁ።

ገንዘቤን መልስ ብዬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ስልኬን አያነሳም።