የዕፅዋት ማዕከል፦ ጠዋት ይሻላል ወይስ ከሰዓት?

ለወፍ ከሆነ ክርክር የለውም፤ ጠዋት ነው። በሩ እንደተከፈተ የገባ ሰው ጸጥታውን ያገኘዋል። ወፎች በብዛት የሚዘምሩት ያኔ ነው። ቁጥቋጦ መሃል ያለ የሸረሪት ድርን ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ጤዛው ተንጠልጥሎበት እያንዳንዱ ክር ይቆጠራል። ፀሐይ ከበረታች ይህ ሁሉ የለም።

ቢራቢሮ ግን በማለዳ አትጠብቁ። ሰውነቷ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ በደንብ አትበርም፤ መጀመሪያ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። እንሽላሊቷም እንደዚያው ናት፣ ድንጋዩ ሲሞቅ ነው የምትወጣው።

የከሰዓቱ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ኩሬው ላይ ግዙፉ የአማዞን የውሃ አበባ ካለ እስከ መዝጊያው ሰዓት ቆዩ። አመሻሽ ላይ ነጭ ሆኖ ይፈካል። በተፈጥሮ ቦታው ጥንዚዛዎችን በመዓዛው ይጠራና ተዘግቶባቸው ያድራል። በማግስቱ ምሽት ሮዝ ሆኖ ሲከፈት፣ ጽጌ ብናኙን ተሸክመው ይወጣሉ። ተንኮሉ!

የእኔ ምርጫ ጠዋት ነው። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ግን ከሰዓት ይቀለዋል። ወፍ ዝምታ ትፈልጋለች፤ ልጅን ዝም አሰኝቶ ማቆም ደግሞ የማይታሰብ ነው።