እጄን ላዳነችልኝ ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና፣ ካያክ ለምትቀዝፉም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ምስጋና ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ዛሬ ጠዋት የጋብቻ ቀለበቴ ያለምንም ትግል ጣቴ ላይ ሲገባ ግን በቃ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከጓደኞቼ ጋር ካያክ፣ ማለትም ቁጭ ተብሎ በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ እንቀዝፋለን። ቢሾፍቱ ቅርብ ቢሆንም ሐይቆቹ ለረጅም ጉዞ ትንንሽ ናቸው፣ ስለዚህ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነድተን ላንጋኖ እንወርዳለን፣ አንዴ ከወረድን ደግሞ ውሃ ላይ ነው የምንውለው። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን በተከታታይ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ቀዘፍን፣ በሁለተኛው ቀን ሁለቱም እጄ አብጦ ማታ እራት ላይ እንጀራ መቁረስ አቃተኝ፣ ቀለበቴን በሳሙናና በክር ነው ያወጡልኝ። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ እንደታጠፉ ደርቀዋል፣ አንዱን እጅ በሌላው እየዘረጋሁ ነው የተነሳሁት። ከተማ ከተመለስኩ በኋላም ሌሊት ሌሊት አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና የመሃል ጣቴ እየደነዘዙ ይቀሰቅሱኝ ነበር።

እማዬ ብርድ ነው የመታህ፣ በቅቤ ይታሽ አለች። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ እጄን ሳይነኩ ደም እንኳን ሳያዩ ሪህ ነው ስጋ ተው ብለው መድኃኒት ጻፉልኝ፣ ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አራት ኪሎ አካባቢ ወደምትሠራ ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ ወደምታክም ባለሙያ፣ ላከችኝ።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ "አንድ እጅህ ነው ወይስ ሁለቱም?" ብላ ነው። አንድ ክንድ ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከከበደና ቀለሙ ከተቀየረ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው አለችኝ፣ ይሄን ሁላችሁም ያዙት። ካያክ በአይኗ አይታ አታውቅም፣ ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ ደጋግማ አየች፣ ቀጥላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው፣ የመጥረጊያ እንጨት አምጥታ ሰጠችኝና ወንበር ላይ ቁጭ ብለህ እንደዛው ቅዘፍ አለችኝ። አስር ደቂቃ ሙሉ ዝም ብላ የእጅ አንጓዬን ስታይ ቆይታ "ወንድሜ፣ ለምንድነው እንደዚህ አንቀህ የያዝከው?" አለች።

ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ሙቀትና ሥራ ሲበዛ የእጅ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይወጣል፣ እሱን መልሶ ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ የጡንቻ መጨበጥና መዘርጋት ነው፣ እኔ ጨብጬ ስለማልለቅ እዛው ይቀራል። በዛ ላይ ከፀሐይ ብዬ የምለብሰው ሸሚዝ እጅጌው ጠባብ ነው፣ ሰዓቴንም አጥብቄ ነው የማስረው። ሌላው አንጓዬን ወደ ኋላ ሰብሬ ነው የምቀዝፈው፣ በደቂቃ 50 ጊዜ ከተቀዘፈ በሰዓት 3000 ነው፣ አንጓ ውስጥ በጠባብ መንገድ የሚያልፈው ነርቭ ከጅማቶቹ ጋር እየተጨናነቀ ነው ሌሊት ጣቶቼን የሚያደነዝዘኝ። ውሃውንም ጠየቀችኝ። ሙቀት ነው እያልኩ ጨው ያለው ነገር ሳልቀምስ በቀን አምስት ሊትር እጠጣ ነበር፣ ያ የደም ጨው ያቀጥናል፣ እጅም ያሳብጣል፣ ራስ ምታት፣ ማስመለስና መደናገር ከመጣ ደግሞ አደገኛ ነው አለችኝ። አሁን ሲጠማኝ ነው የምጠጣው፣ ጨው የነካው ቆሎ ከኪሴ አይጠፋም።

ሕክምናው ቀላል ነበር፣ ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ አስሬ መተኛት፣ ቀን ቀን ጣቶችን መዘርጋት፣ እንደ መንጠቆ ማጠፍ፣ ሙሉ በሙሉ መጨበጥ፣ ደግሞ መዘርጋት። አቀዛዘፌንም በዛችው መጥረጊያ አስተካከለችው፣ በክንድ ሳይሆን ከወገብ እየተጠማዘዝክ፣ የላይኛው እጅህ ሲገፋ ጣቶችህን ከፍተህ በመዳፍህ ግፋ እያለች፣ እኔ ስንት ዓመት ቀዝፌ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለስምንት ቀጠሮ ብር አዘጋጅቼ ነበር፣ በአምስተኛው ከዚህ በኋላ እኔ ጋ መመላለስ አያስፈልግህም ብላ አሰናበተችኝ፣ ይሄ ነገር እስካሁን ልቤን ይነካኛል።

ባለፈው ሳምንት ላንጋኖ ተመልሼ ሁለት ቀን ቀዘፍኩ። በየግማሽ ሰዓቱ መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አድርጌ እጄን ከራሴ በላይ አንስቼ ሃያ ጊዜ ጨበጥ ዘርጋ አደርጋለሁ፣ ቀለበትና ሰዓት ቤት ነው የምተወው። ትንሽ ማበጡ አልቀረም፣ ግን እራት ሳይቀርብ ወርዶ እንጀራዬን በራሴ እጅ ቆርሼ በላሁ።

እህቴ ይሄን ካየሽው እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ። የእሷን ስልክ የምትፈልጉ በኢንቦክስ አናግሩኝ፣ አስፈቅጃታለሁ። ጠዋት ሰው ላይ ስለምትሆን አታነሳም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደውሉላት፣ ስትሄዱም የምትሠሩትን ነገር ቪዲዮ ቀርጻችሁ ሂዱ።