ካርዲናል ጳውሎስን ፍለጋ ከለገሐር የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ

ከለገሐር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተጠጋች ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ አለች፤ ሰሌዳ ስለሌላት በስም ልጠራት አልቻልኩም። የሄድኩት የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋን፣ በተለይም በደርግ ዘመን የእርስ በርስ ጦርነት የአዲስ አበባ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ያሳለፏቸውን ዓመታት የሚመለከት ጽሑፍ ፍለጋ ነበር።

ባለሱቁ ጥያቄዬን ሳልጨርስ «ጋሼ፣ የፍትሐ ነገሥቱን አባ ጳውሎስ ነው የሚሉኝ?» አለኝ። ሱቁን የወደድኩት በዚህች ቃል ነው፤ ከዚያ በፊት በሁለት ሰፋፊና መብራት በሞላባቸው መጽሐፍ ቤቶች ስጠይቅ የቀረበልኝ ስለ ኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ ስለ አቡነ ጳውሎስ የተጻፈ ነበርና።

ከመደርደሪያው ጥግ ያወጣልኝ፣ አባ ጳውሎስ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙትንና በ1968 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ያሳተመውን የጥንቱን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥት ነው። 1,800 ብር ጠርቶ በ1,400 ተስማማን። ቤቴ ገብቼ ሳገላብጠው ግን ከመካከሉ ጥቂት ቅጠሎች በፎቶኮፒ ተተክተው ተሰፍተዋል። በማግስቱ ስመለስ ሳይከራከር 300 ብር መለሰልኝ፤ ቢሆንም አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በሲባጎ የታሰረውን የአሮጌ ጋዜጦች ጥቅል ይመለከታል፤ የምፈልጋቸውን ለይቶ ለመሸጥ እምቢ ስላለ ሙሉውን በ500 ብር ወሰድኩ። አልጸጸትም። ዕለቶቹን በቅደም ተከተል ሳሰልፋቸው የሰውየው ዘመን ጎልቶ ታየኝ፦ ጳውሎስ ጻድዋ ሊቀ ጳጳስ ሆነው የተሾሙት በየካቲት 1977 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ተቀናቃኞቻቸውን አስገድለው ሥልጣኑን ጠቅልለው በያዙበት በዚያው ወር ነው። ሚላኖ ሕግ የተማሩት፣ የጥንቱን የሕግ መጽሐፍ የተረጎሙት ሰው፣ ሰዎች ያለ ፍርድ በየመንገዱ በሚገደሉባት በቀይ ሽብር ከተማ መንበር ላይ ተቀመጡ። የትውልድ አገራቸው ኤርትራ ደግሞ የዚያው መንግሥት ጦር የሚዋጋበት ግንባር ነበረች። ድርቁና ጦርነቱ አገሪቱን ባደቀቁበት በ1985 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ካርዲናል አደረጓቸው፤ ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላም እስከ 1998 በመንበራቸው ቆይተዋል። እነዚህን ዓመታት ካየሁ በኋላ ፍትሐ ነገሥቱን በሌላ ዓይን ማንበቤ አልቀረም።

ወደ ሱቁ ልመለስና፣ መጻሕፍቱ በርዕሰ ጉዳይ ሳይሆን በመጠናቸው የተደረደሩ ስለሆኑ ራስዎ ከሚፈልጉ ባለሱቁን ይጠይቁ። ዋጋ አልተጻፈባቸውም፤ ክርክር ግድ ነው። በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ከገዙ ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ገጾቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ።