ደብተሩ ከስክሪኑ ሲበልጥ፦ በባሕር ዳር አንድ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለውን የዲጂታል ክፍል ሁለት ሙሉ ቀን ተጠቅሜበታለሁ። የሄድኩት ስለ እምቦጭ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን ለመሰብሰብ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ፈጣን ናቸው፤ ሰነዶቹም በግቢው ሰርቨር ላይ ስለተቀመጡ ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንኳ ይከፈታሉ፤ ይህን የሚንቅ ካለ ኔትወርክ ጠፍቶበት የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ቅሬታዬ ከምደባው ላይ ነው።

ክፍሉ የሚጠቀመው አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውን የአሥርዮሽ ምደባ ነው። ዕውቀትን በ10 ዐበይት መደቦች ከፍሎ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር የሚሰጠው ይህ ሥርዓት ለመደርደሪያ የተገባ ነበር፤ አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊቆም አይችልምና። ፋይል ግን በብዙ ቦታ ቢጠራም ቦታ አይሻማም። ይሁን እንጂ እዚህ መደርደሪያው እንዳለ ወደ ስክሪን ተሸጋግሯል፦ ከእምቦጭ ጽሑፎች አንዱ በአረም ቁጥር 632.5፣ ሌላው በዓሣ ማስገር 639.2፣ ሦስተኛው በውኃ ብክለት ሥር ስለተመደቡ፣ አንዱን ያገኘ አንባቢ የሌሎቹን መኖር እንኳ አይጠረጥርም። የሚያስቆጨው መፍትሔው ከመዝገቡ ቅጽ ላይ መኖሩ ነው። ክፍሉ የሚሞላው ዱብሊን ኮር የተባለውን፣ 15 መስኮች ያሉትን የሰነድ መግለጫ ቅጽ ሲሆን፣ የርእሰ ጉዳዩ መስክ የተፈለገውን ያህል ሊደገም ይችላል፤ እኔ ባየኋቸው መዝገቦች ግን የተሞላው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች ደግሞ ገድሉም፣ ድርሳኑም፣ የመድኃኒት መጽሐፉም ባንድነት በእጅ ጽሑፎች ቁጥር 091 ታጭቀዋል። ይህ ቁጥር የሚሰበስበው በቅርጽ እንጂ በይዘት አይደለም፤ ለተቆለፈ ሳጥን ይበጃል፣ ለፈላጊ ግን አይበጅም። «ብራና» የሚለው እንደ ማጣሪያ ቢቀመጥና ይዘቱ ለብቻው ቢመዘገብ በተሻለ ነበር።

ፍለጋው የባሰ ነው። የርእሰ ጉዳይ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆኑ በርእሰ ጉዳይ መስኩ «እምቦጭ» ብሎ የጻፈ ሰው ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። የድሮው የካርድ ካታሎግ ለዚህ ዓይነቱ ችግር ፈላጊውን ከአንድ ቃል ወደ ሌላ የሚመራ «ተመልከት» የሚል ካርድ ነበረው፤ ወደ ኮምፒውተር ስንሸጋገር የጣልነው ትልቁ ነገር ምናልባት እሱ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ላይ ሥርዓቱ ሞክሼ ፊደላትን አይለይም ሳይሆን አጥብቆ ይለያል፦ «ዓሣ»፣ «ዓሳ» እና «አሳ» ብዬ ስጽፍ ሦስት የተለያዩ ውጤቶች አምጥቶልኛል። አንባቢው በየትኛው «ሀ» ወይም በየትኛው «ሰ» እንደሚጽፍ ማንም ሊያውቅ ስለማይችል፣ ማውጫው እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ ሊቆጥራቸው ይገባል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ስነሣ፣ የክፍሉ ባለሙያ ከመሳቢያቸው በእጅ የተጻፈ ደብተር አወጡልኝ። በአንድ ገጽ ላይ «እምቦጭ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም በየመደቡ የተበተኑት 11 ጽሑፎች ቁጥር ተዘርዝሮ ነበር፤ በጎን ደግሞ «ዓሣን፣ ጀልባን ተመልከት» ይላል። ለክፍሉ ከ5 ኮከብ 3 የሰጠሁት በዚህ ደብተር ምክንያት ነው። ለመጠቀም የሚሻ ሰው ባለሙያዋ በሥራ ገበታቸው ላይ በሚገኙበት ሰዓት ቢሄድ ይሻለዋል።